በልጆች ተረት ውስጥ የፍርሃት ስፍራ፤ «ወደ ኦዝ መመለስ» ስለ ተባለው ፊልም

የአንድ የጥበብ ሥራ ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በራሱ መልክ ሳይሆን ከእርሱ በፊት በተወደደ በሌላ ሥራ መልክ ነው። ታላቅ ወንድሙ በመንደሩ የተመሰገነ ልጅ ምንም ቢያደርግ «እንደ ወንድሙ አይደለም» ከመባል አይድንም፤ የእርሱ የራሱ ጠባይ ምን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ጊዜ የሚሰጠው ሰው ጥቂት ነው። በ1985 ዓ.ም. በአሜሪካ የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ ያወጣው «ወደ ኦዝ መመለስ» የተባለው ፊልም የደረሰበት ዕጣ ይህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ፊልሙ ወደ 28 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ወጥቶበት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው 11 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። በጋዜጣ ከጻፉት ሐያስያን ብዙዎቹ ጨለማ ነው፥ ደስታ የለበትም፥ ዘፈን የለበትም፥ ከሁሉም በላይ ልጆችን ያስደነግጣል ሲሉ ነቀፉት። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ለተነቀፈው ፊልም ጠበቃ መቆም ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩ ስለ አንድ ፊልም ብቻ አይደለም። ለልጅ ምን ይነገረው? ምንስ ይሸሸገው? ፍርሃት በተረት ውስጥ ስፍራ አለውን? የሚሉት ጥያቄዎች ልጆችን በሚያስተምርና በሚያሳድግ ሰው ሁሉ ፊት የቆሙ ናቸውና ነገሩን ከሥሩ አንሥቶ መመርመር ይገባል።

የመጽሐፉ ጥንት

የኦዝ ተረት ደራሲ ላይማን ፍራንክ ባውም በ1856 በኒው ዮርክ ግዛት ተወለደ። ከደራሲነቱ በፊት በተዋናይነት፥ በነጋዴነትና በጋዜጠኛነት ዕድሉን ሲሞክር የኖረ ሰው ነበር። በ1888 ወደ ዳኮታ ሄዶ በአበርዲን ከተማ ሱቅ ከፈተ፤ ነገር ግን ድርቅ ገበሬውን አደኸየው፥ ገበሬው በደኸየ ጊዜም የባውም ንግድ ከሰረ። ቀጥሎ ያዘጋጀው ጋዜጣም አልቆመለትም። በመጨረሻ በ1891 ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ቺካጎ ተሻገረ። «አስደናቂው የኦዝ ጠንቋይ» የተባለው መጽሐፉ በዚያች ከተማ በ1900 ታተመ። መጽሐፉ እጅግ ስለ ተወደደ ልጆቹ አንባቢዎች ሌላ ጨምርልን እያሉ አላስቀምጥ አሉት፤ በጠቅላላው 14 የኦዝ መጻሕፍት ጻፈ፥ የመጨረሻውም የታተመው እርሱ በ1919 ከሞተ በኋላ ነው።

ባውም በመጀመሪያው መጽሐፍ መቅድም ላይ የጥንት ተረቶች ልጆችን በማስፈራራት ያስተምሩ እንደ ነበር፥ እርሱ ግን መደነቅንና ደስታን ጠብቆ ኀዘንንና ቅዠትን ያስወገደ አዲስ ተረት ለማቅረብ እንዳሰበ ገልጿል። የ1985 ፊልም ነቃፊ ይህን ቃል በማስረጃነት ሊያቀርብ ይችላል። ነገር ግን ደራሲ በመቅድሙ ያሰበውንና በምዕራፎቹ የጻፈውን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ምዕራፎቹ ምን ይላሉ? ታሪኩ የሚጀምረው ፀሓይ ባደረቀው ግራጫ በሆነ የካንሳስ ሜዳ ላይ ነው፤ ባውም በዳኮታ ያየው ድርቅ በዚያ ገጽ ላይ ታትሟል። አክስት ኤም ድካም መልኳን ያጠፋባት፥ ፈገግታም የራቃት ሴት ናት። የቆርቆሮው ሰው ቀድሞ ሥጋ ለባሽ እንጨት ቆራጭ ነበረ፤ ክፉ ጠንቋይ መጥረቢያውን ስላስደገመችበት የገዛ መሣሪያው እጅና እግሩን፥ በመጨረሻም ራሱንና አካሉን ቈራርጦ ጣለው፥ ቆርቆሮ ሠሪም በየተራ በቆርቆሮ ተካለት። እርሱም በመንገድ 40 ተኵላዎችን በመጥረቢያ ይገድላል፤ የገለባው ማስፈራርቾ ደግሞ የ40 ቍራዎችን አንገት ይጠመዝዛል። ይህን ሁሉ ልጆች ያለ ጭንቀት አንብበው ደስ ብሏቸዋል። እንግዲህ ባውም ፍርሃትን ከተረቱ አላወጣም፤ ያደረገው ነገር ፍርሃቱ መውጫ በር እንዲኖረው፥ ትንሽቱም ልጅ በሩን ራስዋ ፈልጋ እንድታገኝ ነው።

በ1904 እና በ1907 ያሳተማቸው ሁለተኛውና ሦስተኛው መጻሕፍት ከዚህም የባሰ እንግዳ ነገር ይዘዋል። በአንደኛው ራሱ ዱባ የሆነ ሰው በሕይወት ዱቄት ነፍስ ይዘራል። በሌላው 30 ራስ ያላት ልዕልት ራሶቿን በቁም ሣጥን አስቀምጣ እንደ ባርኔጣ ትለዋውጣለች፤ በእጅና በእግር ፈንታ መንኰራኵር ያላቸው ሰዎች መንገደኛን ያባርራሉ፤ ከመሬት በታች የሚገዛው የኖሞች ንጉሥም ሰዎችን ወደ ጌጣጌጥ ለውጦ በአዳራሹ ይደረድራቸዋል። ከ80 ዓመት ያህል በኋላ ሐያስያን የፊልም ሠሪው የታመመ ምናብ የፈጠረው የመሰላቸው ነገር አብዛኛው ከእነዚህ ገጾች የተቀዳ ነው።

የታላቅ ወንድም ጥላ

በ1939 የሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ኩባንያ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በዘፈንና በደማቅ ቀለም ያጌጠ ፊልም አድርጎ አወጣው። ጁዲ ጋርላንድ ዶሮቲን ሆና የተጫወተችበት ይህ ፊልም ዛሬ በዓለም ከታወቁት ፊልሞች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የእርሱም ክብር በአንድ ቀን አልመጣም። ለመሥራት 2.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት በመጀመሪያው ዙር ያስገባው 3 ሚሊዮን ገደማ በመሆኑ የማሳያውና የማስታወቂያው ወጪ ሲደመር ኩባንያው ከ1 ሚሊዮን በላይ ከሰረ። ካወደሱት ጋዜጦች ጐን «ዘ ኒው ዮርከር» መጽሔት በብርቱ አንቋሾታል። ትርፍ ማየት የጀመረው በ1949 እንደ ገና በወጣ ጊዜ ነው፤ በ1956 በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ደግሞ የየቤቱ ወዳጅ ሆነ። ዘመን ለዚህ ፊልም ፍርዱን ሊለውጥለት 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ፈጅቷል።

ፊልሙ ከመጽሐፉ ያራቃቸው ነገሮች ነበሩ። የዶሮቲ የብር ጫማ ቀይ ዕንቊ ሆነ። ትንሽቱ ልጅ በ16 ዓመት ወጣት ተተካች። ከሁሉም የሚበልጠው ለውጥ ግን፥ በመጽሐፉ ኦዝ በእውነት ያለ አገር ሲሆን በፊልሙ ዶሮቲ ራስዋን ተመትታ ያየችው ሕልም መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደው ትውልድ መጽሐፉን ሳያነብ ፊልሙን ስላወቀ ኦዝ ማለት ዘፈን፥ ጭፈራና ደማቅ ቀለም ብቻ ሆኖ በልቡ ተቀረጸ። የ1985ን ፊልም ሊዳኝ የመጣው ሰው መለኪያ አድርጎ የያዘው ይህን ሥዕል ነው።

ፊልሙ እንዴት እንደ ተሠራ

ዋልት ዲዝኒ የቀሩትን የኦዝ መጻሕፍት ወደ ፊልም የመለወጥ መብት በ1954 ገዝቶ ነበር፤ ነገር ግን በሕይወቱ ሳለ ያሰበው ፊልም ሳይሠራ ቀረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኩባንያው መብቱ ጊዜው ሳያልፍ ሊሠራበት ፈለገና ሥራውን ለዋልተር መርች ሰጠው። መርች በ1943 በኒው ዮርክ የተወለደ፥ በፊልም ድምፅና ቅንብር ሙያ እጅግ የታወቀ ሰው ነው፤ በ1979 በወጣው «አፖካሊፕስ ናው» ፊልም ለድምፅ ሥራው የኦስካር ሽልማት ተቀብሏል። ዲሬክተር ሆኖ ሲሠራ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበረ።

መርች ከጊል ዴኒስ ጋር ሆኖ ድርሰቱን ሲጽፍ የ1904ንና የ1907ን መጻሕፍት አዋሐደ። የዘመኑንም መንፈስ ለመረዳት በ1890ዎቹ በዊስኮንሲን የነበረውን የገጠር ሕይወት፥ ድኅነቱንና የሰዎቹን የአእምሮ ጭንቀት በፎቶግራፍና በጋዜጣ ቍራጭ የሚያሳይ በ1973 የታተመ የማይክል ሌዚ መጽሐፍ አጠና። ሥራው በእንግሊዝ አገር በ1984 ተጀመረ፤ ነገር ግን ቀረጻው ስለ ዘገየ የኩባንያው ሹማምንት ዲሬክተሩን አሰናበቱት። የድሮ ወዳጁ ጆርጅ ሉካስ ወደ እንግሊዝ በሮ ስለ እርሱ ዋስ በመቆሙ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። በዚያው ዓመት የዲዝኒ ኩባንያ አመራር ተለወጠ፤ ፊልሙ በሰኔ 1985 ሲወጣ የኩባንያው ሹማምንት ሥራውን ካዘዙት ሰዎች ሌሎች ነበሩ።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዶሮቲ ከዐውሎ ነፋሱ ከተመለሰች 6 ወር ሆኗታል፤ የዕድሜ እኩያዋ በሆነችው በትንሽቱ ፌሩዛ ባልክ ተመስላለች። እንቅልፍ አይወስዳትም፥ ስለ ኦዝም መናገር አትተውም። አክስትዋ ጭንቅ ብሏት በኤሌክትሪክ መኪና ሕመምተኞችን እፈውሳለሁ ወደሚል ሐኪም ትወስዳታለች። ሕክምናው ሊጀመር ሲል መብረቅ መብራቱን ያጠፋዋል፤ አንዲት የማትታወቅ ልጅ ዶሮቲን ታስመልጣታለች፥ ወንዝም ወደ ኦዝ ይወስዳታል። ኦዝ ግን ፈርሷል፤ የቢጫው ጡብ መንገድ ተገለባብጧል፥ የመረግድ ከተማ ሰዎችም ድንጋይ ሆነዋል። ዶሮቲ ከዶሮዋ ከቢሊና፥ ከመዳብ ከተሠራው ወታደር ከቲክ ቶክና ከዱባ ራሱ ከጃክ ጋር ሆና ወዳጅዋን ማስፈራርቾን ፍለጋ ወደ ኖሞች ንጉሥ ትሄዳለች።

የነቃፊዎች ክስና መልሱ

የመጀመሪያው ክስ «የ1939ን ፊልም አይመስልም» የሚል ነው። ይህ ክስ እውነት ነው፥ ነገር ግን በደል አይደለም። መርች የቀዳው ከፊልሙ ሳይሆን ከመጽሐፉ ነው፤ ምንም እንኳ ከሌላው ኩባንያ ፈቃድ በገንዘብ ተገዝቶ የቀዩ ዕንቊ ጫማ ቢገባበት፥ ቲክ ቶክም ሆነ ጃክ መልካቸው በጆን ኒል ከተሣሉት የመጽሐፉ ሥዕሎች የመጣ ነው። ከወንዙ ውኃ ይልቅ ምንጩን መስሏል ተብሎ የሚከሰስ ሰው ሊኖር አይገባም።

ሁለተኛውና ከባዱ ክስ የሐኪም ቤቱን ነገር የሚመለከት ነው። ነቃፊዎች ትንሽ ልጅን በኤሌክትሪክ መኪና አጠገብ አስሮ ማሳየት ጭካኔ ነው ይላሉ። በእርግጥ ይህ ክፍል በባውም መጻሕፍት የለም፤ በ1907ቱ መጽሐፍ ዶሮቲ ወደ ኦዝ የምትሄደው በመርከብ ላይ ሳለች በማዕበል ተወስዳ ነው። ነገር ግን የተጨመረው ነገር ለዘመኑ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኤሌክትሪክ ሕመምን ሁሉ እናድናለን የሚሉ ሐኪሞችና መሣሪያ ሻጮች በአሜሪካ ተበራክተው ነበር። በ1893 በቺካጎ የተደረገው የዓለም ትርኢት በኤሌክትሪክ ብርሃን ሕዝቡን ያስደነቀው ባውም በዚያች ከተማ ሲኖር ነው፤ እርሱም በ1901 ስለ ኤሌክትሪክ ራሱን የቻለ የልጆች ተረት አሳትሟል። ስለዚህ መርች የመረጠው ነገር ባውም በኖረበት ዓለም የነበረ ተስፋና ስጋት ነው።

ከታሪክም በላይ ክፍሉ በተረቱ ውስጥ ሥራ አለው። ሐኪሙን የተጫወተው ኒኮል ዊልያምሰን የኖሞች ንጉሥ ሆኖ ይመለሳል፤ ነርስዋን የተጫወተችው ጂን ማርሽም ራስ የምትለዋውጠውን ልዕልት ትሆናለች። በሐኪም ቤቱ ኮሪደር የሰማነው የአልጋው መንኰራኵር ጩኸት በኦዝ መንኰራኵር እግር ባላቸው አሳዳጆች ይደገማል። ዶሮቲ በካንሳስ ያቅታት የነበረውን ፍርሃት በኦዝ መልክ ተሰጥቶት ታገኘዋለች፤ መልክ የተሰጠውን ፍርሃት ደግሞ መታገል ይቻላል። ሐኪሙ ለመኪናው ፊት እንዳለው አድርጎ ሲያሳያት ልጅቱን ለማታለል ነው። ቲክ ቶክ ግን መኪና መሆኑን አይደብቅም፤ ለማሰብ፥ ለመናገርና ለመንቀሳቀስ በሦስት መክፈቻ እንደ ሰዓት መሞላት ይፈልጋል፥ የታመነም ወዳጅ ነው። ፊልሙ መኪናን አልጠላም፤ የጠላው ማታለልን ነው።

የታሪኩ እንብርት የሚገኘው በንጉሡ አዳራሽ ነው። ንጉሡ ወዳጆችዋን ሁሉ ጌጥ አድርጎ ከደረደራቸው በኋላ ለዶሮቲ አንድ ነገር ያቀርብላታል፤ በቀዩ ጫማ ወደ ቤቷ እንዲሰድዳት፥ እርስዋም ማስፈራርቾንና ኦዝን ጨርሳ እንድትረሳ። ንጉሡ ያቀረበላት መድኀኒት ሐኪሙ ሊሰጣት ካሰበው መድኀኒት ጋር አንድ ነው፤ ይኸውም መርሳት ነው። ልጅቱ እምቢ ትላለች። ወዳጆችዋን በጨለማ ትታ በሰላም ከመተኛት ይልቅ ራስዋ ጌጥ ሆና የመቅረትን አደጋ ትመርጣለች፥ በመጨረሻውም ግምቷ ማስፈራርቾን ታድነዋለች። ፍርሃቱን ከፊልሙ ብናወጣው ይህ ምርጫ ዋጋ አይኖረውም ነበር፤ ምንም የማያስፈራ ነገር እምቢ ማለት ጀግንነት አይባልምና።

ሦስተኛው ክስ በጠቅላላው «ልጆችን ማስፈራት አይገባም» የሚል ነው። ይህ ክስ ከፊልሙ ይልቅ የቆየ ነው። ዲዝኒ በ1937 ያወጣው «ስኖው ዋይትና ሰባቱ ድንኮች» በእንግሊዝ አገር የፊልም መርማሪዎች ዘንድ ልጆች ያለ ዐዋቂ እንዳያዩት ተወስኖበት ነበር፤ ዛሬ ያን ፊልም ከልጆች የሚከለክል ማን ነው? በእኛም አገር ማታ በምድጃ ዙሪያ ተረት የሰማ ሰው ጭራቅ ልጆችን ሲያሳድድና አያ ጅቦ በር ሲያንኳኳ ሰምቶ አድጓል። ተራኪዋ እናት ወይም አያት ጭራቁን ከተረቱ አላወጣችውም፤ ነገር ግን ልጁን በጉያዋ ይዛ ነገረችው፥ በመጨረሻም ተረቷን እንዲመልሱላትና አፏን በዳቦ እንዲያብሱላት ጠይቃ ልጆቹን ከጭራቁ አገር ወደ ቤታቸው መለሰቻቸው። ልጅን የሚጐዳው የፍርሃት ተረት መስማቱ ሳይሆን ፈርቶ ሳለ ብቻውን መተዉ ነው።

ለእውነት ሲባል ግን በፊልሙ ላይ ትክክለኛ የሆነ ነቀፋም አለ። መጀመሪያው ረጅምና ከባድ ነው፤ የመጀመሪያዋ የደስታ ጭላንጭል እስክትመጣ ድረስ ተመልካቹ ይደክማል። ወዳጆቿም ከዶሮቲ ጋር የሚጫወቱበትና የሚሥቁበት ጊዜ ጥቂት ነው። እጅግ ትንንሽ ልጆችን ያለ ወላጅ ለብቻቸው ፊቱ ማስቀመጥም አስተዋይነት አይደለም። ይህ ሁሉ የመጠንና የጥንቃቄ ጉዳይ ነው እንጂ ሥራው በመሠረቱ ክፉ ነው የሚያሰኝ አይደለም።

ከፍርዱ በኋላ

ፊልሙ በወጣበት ዘመን የተሰጠው ክብር በምስል ጥበቡ ለኦስካር ሽልማት መታጨቱ ነው፤ የኖሞቹ ድንጋያማ ፊት ከጭቃ ተሠርቶ በዊል ቪንተን ጥበብ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው ይህ እንደሚገባው ይመሰክራል። መርች ከዚያ በኋላ ሌላ ረጅም የተረት ፊልም በዲሬክተርነት አልሠራም። ወደ ቀደመ ሙያው ተመልሶ በ1996 በወጣው «ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት» ለድምፅና ለቅንብር ሁለት ኦስካር ተሸለመ። የፊልም ዓለም ግን አንድ ዲሬክተር አጣ ማለት ይቻላል።

ፊልሙን በሲኒማ ቤት ያላዩት ልጆች በቪዲዮ ካሴትና በቴሌቪዥን አገኙት። እነዚህ ልጆች አድገው ስለ ፊልሙ ሲጽፉና ሲናገሩ ብዙዎቹ የሚሉት አንድ ዐይነት ነው፤ ፈርተው ነበር፥ ግን ደግመው ሊያዩት ይፈልጉ ነበር። ሐያስያን ስለ ልጆች ፈረዱ፤ ልጆቹም ካደጉ በኋላ በሐያስያን ፍርድ ላይ ይግባኝ አሉ።

በፊልሙ ፍጻሜ ዶሮቲ በክፍሏ መስተዋት ውስጥ የኦዝን ልዕልት ታያለች፤ ደስ ብሏት አክስትዋን ስትጠራ ልዕልቲቱ ጣቷን በአፏ ላይ አድርጋ ዝም እንድትል ታመለክታታለች። አክስትዋ ስትመጣ ዶሮቲ ያየችውን ለራስዋ ትይዛለች። ይህ ትዕይንት ለወላጅና ለመምህር ታላቅ ተግሣጽ አለው። ልጅቱ ያየችውን መሸሸግ የተማረችው ስትናገር ወደ ሐኪም ቤት ስለ ተወሰደች ነው። ከእኛ ፊት የተቀመጠ ልጅም ያስፈራውንና ያስደነቀውን ነገር ሲነግረን «ይህ ከንቱ ነው፥ እርሳው» ብለን ብንመልሰው ነገሩን አይረሳውም፤ ለእኛ መንገሩን ብቻ ይተዋል። ስለዚህ ለልጆች የሚሆነውን መጽሐፍና ፊልም ስንመርጥ «ያስፈራልን?» ብለን ብቻ አንጠይቅ፤ «ከፍርሃቱ የሚወጣበትን መንገድ ያሳያልን? እኛስ እስኪወጣ ድረስ ከአጠገቡ እንቀመጣለንን?» ብለን እንጠይቅ። «ወደ ኦዝ መመለስ» መንገዱን ያሳያል፤ ከልጁ አጠገብ መቀመጥ ግን የፊልሙ ሳይሆን የእኛ ሥራ ነው።